«በግሌ ማመኔ ለእናቴ አልበቃትም»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከሚከታተሉት አንዷ ነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ ፒያሳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግሁትም እዚያው ዶሮ ማነቂያ ነው። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና የተነሣሁት በጊዮርጊስ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቼ መዝሙር የተማርኩትም እዚያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ የእኛም ቤት ፈረሰ፤ አሁን ከእናቴ ጋር ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን።

እናቴ ከ30 ዓመት በላይ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ቢበተኑም ማኅበሩ አልተበተነም። በየወሩ በ21 ከአንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ እናቴም ሁለት ታክሲ እየቀያየረች ትሄዳለች። አሁን ግን ጉልበቷ እምቢ አላት። «በኅዳር ጽዮን ተራው የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ በእኔ ቦታ አንቺ ትገቢያለሽ፤ ለማኅበርተኞቹም ነግሬያቸዋለሁ» አለችኝ። ሳትጠይቀኝ ነው የነገረቻቸው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትንሣኤን በየቤታችን ባከበርንበት ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን ብቻዬን ማንበብ ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ ጸሎት ለእኔ ከሰው ጋር መቆምና ከሰው ጋር መስገድ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ሌሊት እግዚአብሔርን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ቃል አነጋገርኩት፤ የሰማኝም መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት እጸልያለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ግን እየቀነሰ መጣ። ስሄድ ሰው ሁሉ ምን ለበሰች፣ ለምን አላገባችም የሚል ይመስለኛል። ማኅበሩ ዘንድ እናቴን ለማድረስ ስገባ ደግሞ የምሰማው ወሬ የዳቦው ማነስና የጠላው መቅጠን ነው።

መሥሪያ ቤት የምወዳት ጓደኛ አለችኝ፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። በምሳ ሰዓት ከሌሎች ባልደረቦቻችን ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች፤ አንዳንድ ቀን እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ። «መዳን የግል ነው፤ ማኅበርም ቄስም አያድንሽም። ዛሬ ማታ ብትሞቺ የት እንደምትሄጂ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች። ለእናቴ «እኔ በግሌ አምናለሁ፤ ያ ይበቃኛል» ስላት ደግሞ አለቀሰች። «ማኅበር የሌለው ሰው ምን ቀባሪ አለው?» አለችኝ።

ለአንዷ ገና አልዳንኩም፤ ለሌላዋ ጠፍቻለሁ። እኔ በክርስቶስ አምናለሁ። በግሌ ማመኔ አይበቃም? የማላምንበትን ጽዋ ለእናቴ ስል ብረከብ ማታለል አይሆንብኝም? ብተወውስ እናቴን ምን አደርጋታለሁ?

ሀ. ነኝ፣ ከፒያሳ

እኅቴ ሀ.፣

ደብዳቤሽ ውስጥ «ሳትጠይቀኝ ነው የነገረቻቸው» የምትል አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች። ተመልሼ ተመልሼ አነበብኳት። ስለ መዳን የጻፍሽውን በእርጋታ ነው የጻፍሽው፤ እዚህች ላይ ስትደርሺ ግን ብዕርሽ የከረረ መሰለኝ። ብትቆጪ አይፈረድብሽም። ራስዋን የምታስተዳድር ሴት በሌለችበት ቃል ሲገባላት ያማል፤ ቃሉን የገባችው እናት ስትሆን ደግሞ ቁጣውን የሚያሳርፉበት ቦታ ይጠፋል። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በጊዜው ያልተነገረ ቁጣ የሃይማኖት ክርክር ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። «ጽዋውን አልረከብም» ስትዪ ማኅበር አያድንም ማለትሽ ነው ወይስ ስለ እኔ ያለ እኔ አይወሰን ማለትሽ? ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ለእናትሽ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ግን ሁለቱን ለራስሽ ለያያቸው፤ መልሳቸው የተለያየ ነውና።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ የነገረ መለኮት መምህር አይደለሁም፤ ክርስቲያኖች በየዘመኑ የተከራከሩበትን ነገር በአንድ ዓምድ ልዘጋው አልሞክርም። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም ብሎ አስተምሯል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማርቲን ሉተር ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው አለ፤ እርሱም ቢሆን ክርስቲያን ያለ ጉባኤ ብቻውን ይኑር አላለም። የእናትሽና የጓደኛሽ ክርክር በአንቺ ላይ እንዳልተጀመረ ማወቁ ትንሽ ያሳርፍሽ ይሆናል። ሁለቱ ሴቶች በየፊናቸው የያዙሽ ገመድ ከሁለቱም ዕድሜ በጣም የቆየ ነው።

መጽሐፉን ብቻሽን እንደምታነቢ ስለነገርሽኝ ግን አንድ ነገር አብረን እናስተውል። አማርኛ «አንተ»ንና «እናንተ»ን ግሡ ላይ ይለያል፤ ስለዚህም አንዳንድ ቦታ ቆም ብሎ ላነበበ ሰው ብዙ ያሳያል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 10 ቁጥር 9 ሲጽፍ «በልብህ ብታምን ትድናለህና» ይላል። የሚናገረው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ልብ ነው። ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 2 ቁጥር 8 ሲጽፍ ደግሞ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይላል። እዚህ የሚናገረው ለብዙዎች ነው። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ያለው ታሪክ ነው። የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ በሌሊት እየተንቀጠቀጠ መጥቶ እድን ዘንድ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። ጳውሎስና ሲላስም «በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን አንተና ቤተ ሰዎችህ ትድናላችሁ» አሉት። «እመን» የተባለው አንድ ሰው ነው፤ «ትድናላችሁ» የተባሉት ግን ብዙ ናቸው። ሰውየው የጠየቀው ስለ ራሱ ብቻ ነበር፤ የተመለሰለት መልስ ግን ቤቱን ሁሉ ይዞ መጣ።

ከዚህ የምረዳውን ልንገርሽ። በ2012 በዚያ ሌሊት ያገኘሽው ነገር የአንቺ ነው፤ እናትሽም ሆነች ጓደኛሽ፣ እኔም ብሆን፣ ልናሳንስብሽ አይገባም። በሌላ ሰው ልብ ማመን አይቻልም። ደግሞም ያቺ ሌሊት ከባዶ አልመጣችም። የሰማሽው አምላክ ማን እንደሆነ ያወቅሽው በሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር፣ በእናትሽ ስግደት፣ ያንቺን ስም በጸሎት በጠሩ ሰዎች አፍ ነው። ለብቻሽ ስትጸልዪ እንኳ «አባታችን ሆይ» ትያለሽ እንጂ «አባቴ ሆይ» አትዪም። ጌታ ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህን ዝጋ ብሎ ካስተማረ በኋላ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ ያስተማረው ጸሎት እርሱ ነው።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ባረፈ ጊዜ እኔም ብቻዬን መጸለይ የምወድ ሰው ነበርኩ። ከቀብሩ በኋላ አፌ ተዘጋ። መጽሐፉን ስከፍት የማየው ፊደል ብቻ ሆነ፤ አንድ ወር ያህል ያቺን አጭር ጸሎት እንኳ መጨረስ ተሳነኝ። ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ጥቂት ጎረቤት ሴቶች ማታ ማታ እየመጡ ቡና ያፈሉልኝ ነበር። ለመሄድ ሲነሡ ቆመው ይጸልያሉ፤ እኔ እንደተቀመጥኩ አያቸዋለሁ። ለምን አትጸልዪም ብላ የጠየቀችኝ አንዲትም አልነበረችም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ጣራ ነድለው ሲያወርዱት ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። ከዚያ ወር ወዲህ ይህን ምዕራፍ ሳነብ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። ከእነዚያ ሴቶች ሁለቱ ስለ ሰው ትዳር ሲያወሩ የሚውሉ ነበሩ። ስለ ጠላው መቅጠን የሚያወሩት ሰዎችና የአልጋውን ጫፍ የሚይዙት ሰዎች ብዙ ጊዜ ያው ናቸው።

ይህን ስል ያቆሰለሽን ነገር ላቃልል አልፈልግም። ለምን አላገባችም የሚል ዐይን በቅጥሩ ውስጥ ሲከተልሽ፣ ለመጸለይ የመጣሽበት ቦታ ላይ ስትመዘኚ ያደክማል። ብዙ ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያን የሚርቁት በዶግማ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ዐይን ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀስ ብለሽ ጠይቂ፦ የራቅሽው ከትምህርቱ ነው ወይስ ከዐይኑ? ከዐይኑ ከሆነ ቀን መቀየር፣ ማልዶ የኪዳን ጸሎት ላይ መቆም፣ አንድም ሰው በማያውቅሽ ደብር ማስቀደስ ይረዳል። ይህ ለጊዜው ነው፤ ግን እፎይ ብለሽ እንድታስቢ ፋታ ይሰጥሻል።

አሁን ስለ እናትሽ እናውራ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እርሳቸው ናቸው። «ማኅበር የሌለው ሰው ምን ቀባሪ አለው?» አሉሽ። አንቺ ይህን ስትሰሚ እምነትን ከቀብር ጋር አምታቱት ብለሽ አዝነሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀብር የእድር ጉዳይ ነው፤ በአዲስ አበባ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች በአንድ እድር ተደራጅተው የሚቀባበሩበት ሰፈር ብዙ ነው። ሬሳ መሬት ላይ አይቀርም። ነገር ግን የእናትሽን እምነት ከውስጡ ሆነሽ ለማየት ሞክሪ። በእርሳቸው እምነት ጸሎት ሰውን መቃብር አፍ ላይ አይተወውም። ፍትሐት አለ፤ አርባ አለ፤ ሰማንያ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። በሕይወት ያለው ላረፈው እየጸለየ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ቅዳሴውን እንኳ አንድ ቄስ የቱንም ያህል ቢበቃ ብቻውን አይቀድሰውም፤ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይፈለጋሉ። በእንዲህ ያለ እምነት ውስጥ የኖረች እናት «በግሌ ማመኔ ይበቃኛል» የሚለውን ቃል ከልጇ ስትሰማ ምን የሰማች ይመስልሻል? እኔ እንደሚመስለኝ «ስሞት ልጄ በአርባዬ አትቆምልኝም» የሚል ነው የሰሙት።

ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። ቤታቸው ፈርሷል። ከዶሮ ማነቂያ የቀራቸው ይህ ማኅበር ነው። በየወሩ በ21 ሁለት ታክሲ ቀይረው የሚሄዱት ወደ ማርያም ስም ነው፤ ደግሞም ወደ ሰፈራቸው ነው። ስለ አንቺ ቀባሪ የጠየቁት እናት የጠየቁት ስለ ራሳቸው ይሆን? ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አላውቃቸውም። አንቺ ግን ልትጠይቂያቸው ትችያለሽ፤ ከምመክርሽ ሁሉ አስቀድመሽ እንድታደርጊልኝ የምለምንሽም ይህን ነው። በአንድ ጸጥ ያለ ምሽት፣ ስለ ጽዋው ምንም ሳታነሺ፣ «እማዬ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥሽና፣ ያንን ቀን ሳስበው ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ? አርባሽ የት እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?» በያቸው። ቢያለቅሱ አትደንግጪ። የሚሉሽን ስሚ፣ ከቻልሽም ጻፊው። ቃል የምትገቢው ግን ልትፈጽሚው የምትችዪውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ጽዋው። ለእናትሽ ስትዪ ብትረከቢው ማታለል ይሆን እንደሆነ ጠይቀሽኛል። መልሴ «የማላምንበት» ባልሽው ላይ ይመሠረታል። የማታምኚው ማኅበሩ ነፍስን ያድናል የሚለውን ነው? እንዲያ ከሆነ እናትሽም እንዲያ የሚያምኑ አይመስለኝም፤ የጽዋ ማኅበር በጻድቃን ስም መሰብሰብ፣ ቁራሽ መቁረስ፣ የተቸገረ መጠየቅ ነው። የማታምኚው የእመቤታችንን አማላጅነት ነው? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ሳትመልሺው ጽዋውን በእጅሽ ብትይዢ ቁራሹ ጉሮሮሽ ላይ ይቆማል። ወይስ ስብሰባው ራሱ ነው የሚያታክትሽ? ይህ የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ የጠባይና የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ሳትሸማቀቂ ልትናገሪው ትችያለሽ። ጽዋ መረከብ ቃል ኪዳን ነው። ማኅበርተኞቹም የሚገባቸው ከልቧ የገባች ሰው ናት። ስለ እናት በማዘን ብቻ የተወሰደ ጽዋ በሁለተኛው ዓመት ሸክም ይሆናል፤ ሸክሙም በእናትሽ ላይ ቂም ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ኅዳር አትረከቢ እልሻለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔ ያንቺ ነው።

አለመረከብ ግን አለመገኘት አይደለም። ኅዳር 21 ተራው የእናትሽ ነው፤ አንቺ የደጋሽ ልጅ ነሽ። ዳቦውን ድፊ፣ ጠላውን ጥመቂ ወይም አስጠምቂ፣ እንግዶቹን እግራቸውን ስታጥቢ ባትውዪም እጃቸውን አስታጥቢ። በዚህ ውስጥ ምንም ውሸት የለም፤ እናትን ማገዝ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ግን ከእናትሽ ጋር ሆነሽ የማኅበሩን ሙሴ፣ ማለትም መሪውን፣ አነጋግሪ። «እናቴ ከፍቅሯ የተነሣ ስሜን ሰጥታችኋለች፤ እኔ ገና አልወሰንኩም። ቦታው እስከ ግንቦት 21 በእናቴ ስም ይቆይ፤ እርሷ ያልቻለች ቀን እኔ አደርሳታለሁ» ብትዪ የሚያስቀይም ነገር የለውም። ስድስት ወር አለሽ ማለት ነው። እናትሽም በማኅበርተኞቻቸው ፊት አያፍሩም፤ አንቺም በችኮላ አትገቢም፣ በችኮላም አትወጪም።

በእነዚህ ወራት ጥያቄሽን ይዘሽ ወደ አንድ ሰው ሂጂ። ወደ ንስሐ አባትሽ ብትሄጂ ብቻሽን ሂጂ፣ እናትሽ ባሉበት አይሁን። ያስጨነቁሽን ጥቅሶች በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ በቃል ሲሆን ከመሸማቀቅ የተነሣ ግማሹ ይረሳል። ተቆጥተው ቢመልሱሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ በየደብሩ ወጣቶችን በትዕግሥት የሚሰሙ መምህራን አሉ። የእኛው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ብቻውን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ ወደ ሠረገላው አወጣው። ብቻውን ማንበቡ ስሕተት ነበር የሚል ቃል የለም፤ ከተጠመቀ በኋላም ያለ ፊልጶስ ደስ እያለው ነው መንገዱን የሄደ። በመካከል ግን አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጧል።

ስለ ጓደኛሽ ብዙ የምለው የለኝም። እንደምትወድሽ ይሰማኛል። ግን «ዛሬ ማታ ብትሞቺ» የሚለው ጥያቄ በምሳ ሰዓት፣ ሌሎች እየሰሙ ሲቀርብ ሰውን ጥግ ያስይዛል፤ ጥግ የተያዘ ሰው ደግሞ ለማምለጥ እሺ ይላል። «ከእናንተ ጋር ማንበቡን እወዳለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን በራሴ ጊዜ ነው የምመልሰው» በያት። ጓደኝነቷን በዚህ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ደግሞ አስተውይ፤ መዳን የግል ነው የምትልሽ ጓደኛሽ ራስዋ ብቻዋን አታነብም፤ በየምሳ ሰዓቱ ሰው ትሰበስባለች። እርሷም ማኅበር አላት። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ልትለውጪ ብትወስኚ እንኳ የምትሄጂው ወደ ሌሎች ሰዎች ነው፤ እነርሱም ውለው አድረው ስለ ዳቦ ማነስ ያወራሉ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከድካም ተነሥቶ ባይወሰን እመርጣለሁ፤ ጥያቄሽን ጨርሰሽ፣ ለእናትሽም አስቀድመሽ ነግረሽ ይሁን፤ ከጎረቤት አፍ አይስሙት።

የማለዳ ጸሎትሽን አታቋርጪ። በዚህ ሁሉ መካከል ያንቺ የሆነው እርሱ ነው። ከፈቀድሽ አንድ ማለዳ በር ከመዝጋትሽ በፊት እናትሽን ቀስቅሺያቸውና አጠገብሽ ይቀመጡ። እርሳቸው ውዳሴ ማርያማቸውን ይድገሙ፤ አንቺ በራስሽ ቃል ጸልዪ፤ «አባታችን ሆይ»ን አብራችሁ በሉ። ምናልባት ልጃቸው ስትጸልይ ሰምተዋት አያውቁ ይሆናል።

ኅዳር 21 ካለፈ በኋላ፣ ስለ አርባቸው ስትጠይቂያቸው ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።